ስለ ባህር በር ሳይሆን ስለ ባህር

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ በነበረን ወርሃዊ ዝግጅት ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጣችሁ ላክልን ስላላችሁኝ ከስልክ ቅጂው እንዳለ ገልብጬዋለሁ። "እ..." እያልኩ የቆምኩባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው ያወጣሁት።)

እንደምን ዋላችሁ! እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች እናቶች። ከኋላ የቆማችሁ ግቡ እንጂ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ፣ ማንም ጥያቄ አይጠይቃችሁም። ድምፄ ይሰማል? እሺ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሏል፣ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፣ ባለ ቀለም ምናምን፣ ሌሊቱን ነው የሰራሁት፣ አሁን የለም፣ ስለዚህ እጄን እያያችሁ ታዳምጡኛላችሁ ማለት ነው። (ሳቅ)

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ያደግኩት እዚሁ ጀርባ ነው። ሰፈሩ አሁን የለም፣ ታውቃላችሁ፣ ቅድም ስመጣ የግቢያችን በር የነበረበትን ቦታ ላግኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ፣ በመጨረሻ የብስክሌት መንገዱ ላይ ቆሜ "እዚህ ጋ መሰለኝ" አልኩና ተውኩት። ስራዬ መርከብ ላይ ነው፣ ሞተር ክፍል። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ስራ አጥቼ ስዞር ማስታወቂያ አይቼ ተመዘገብኩ፣ የሰለጠንኩት ባህር ዳር ነው። ባህር ዳር ስላችሁ እንግዲህ ጣና ነው፣ ስሙን አትመኑት። እውነተኛውን ባህር ያየሁት 24 አመቴ ላይ ነው። መጀመሪያ ስደውልላት እናቴ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? "ውሃው ጥግ አለው ወይ?" የለውም እማዬ አልኳት። "እንግዲያው ምኑ ላይ ተደግፎ ቆመ?" አለች። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

እንግዲህ ስለ ባህር ላወራ ነው ስላቸው አዘጋጆቹ ትንሽ ደንገጥ አሉ። "ወደብ ምናምን እንዳታነሳ" አሉኝ። አላነሳም! ቃሌን ጠብቃለሁ። ግን ይሄን ብቻ ልበል፣ እኛ ሀገር ባህር ሲባል ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው በሩ ነው። የባህር በር። ታክሲ ውስጥ የባህር በር፣ ለቅሶ ቤት የባህር በር፣ ካፌ የባህር በር። እሺ ይሁን፣ በሩን እናውራ፣ ግን ስለ በሩ ይሄን ሁሉ ዘመን ስናወራ ስለ ቤቱ አውርተን እናውቃለን? ቤቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ማን አለ? ምን እየሸተተ ነው? ቤቱ እየጋለ ነው። እኛ በር ላይ ቆመን ስለ ቁልፉ እንጨቃጨቃለን።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ ስለ ሙቀቱ፣ ሁለተኛ ስለ አምቦ ውሃ፣ አዎ አምቦ ውሃ፣ ሦስተኛ ደግሞ ስለ ዝናባችን። ሦስተኛው ነው የመጣሁበት፣ ሁለቱን ቶሎ ለማለፍ እሞክራለሁ፣ ካልቻልኩ እዘኑልኝ።

አንደኛ፣ ሙቀቱ።

የመርከብ ሞተር በምን ይቀዘቅዛል? በባህር ውሃ። በቀጥታ አይደለም፣ ሞተሩን ንጹህ ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ ንጹሁን ውሃ ደግሞ ኩለር ውስጥ የባህር ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ እኛ ከታች ያለን ሰዎች ፀሐይ አናይም፣ ማዕበል አናይም፣ ግን ባህሩ ዛሬ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከላይ ካለው ካፒቴን ቀድመን እናውቃለን፣ በየፈረቃው ሎግ ቡክ ላይ እንጽፋለን። ገልፍ ውስጥ፣ ዱባይ በሚኬድበት፣ ነሐሴ ላይ 35 ጽፌ አውቃለሁ። 35 ዲግሪ! የአየሩን አይደለም የምላችሁ፣ የውሃውን ነው። ፍልውሃ ገብታችሁ ለብ አድርጋችሁ እንደምትታጠቡት ማለት ነው። እና በዛ ውሃ ነው ሞተር አቀዝቅዝ የምትባለው።

አብሬው የሰራሁ አንድ አዛውንት ቺፍ ነበር፣ ቺፍ ማለት የሞተር ክፍሉ አለቃ ነው፣ አርባ አመት ባህር ላይ የኖረ ሰው። የፃፍኩትን አይቶ ምን አለኝ፣ "እኛ ወጣት እያለን ይሄን ቁጥር ብናይ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለን እንቀይረው ነበር።" እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አሁን እዚህ ሳይንስ የተማራችሁ ልጆች "የአንድ ሽማግሌ ወሬ ማስረጃ አይሆንም" ልትሉ ነው። ልክ ናችሁ። ግን ምን መሰላችሁ፣ የባህር ሙቀት ታሪክ ራሱ የተጻፈው በእንደዚህ አይነት ደብተር ነው። ድሮ መርከበኞች ባልዲ በገመድ አስረው ውሃ ይቀዱና ቴርሞሜትር ይከቱበት ነበር፣ ከመቶ አመት በላይ እንደዛ ነው የተለካው፣ በኋላ ሞተር ክፍል የሚገባው ውሃ መለካት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ አርጎ የሚባሉ ወደ 4000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሳሪያዎች በዓለም ባህር ሁሉ ተበትነዋል፣ ሰው የላቸውም፣ እስከ 2000 ሜትር ይጠልቃሉ፣ በየአስር ቀኑ ወጥተው ያገኙትን በሳተላይት ይልካሉ። ባልዲውም፣ ደብተሩም፣ መሳሪያውም የሚሉት አንድ ነው። እየሞቀ ነው።

ምን ያህል? እኛ ሰዎች በከሰልና በነዳጅ ጭስ ምክንያት ምድር ላይ ካስቀረነው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ባህር ውስጥ ነው። ልድገመው። ከ90 በመቶ በላይ! እኛ "ዘንድሮ ሙቀቱ" እያልን የምናማርረው ከአስር ብሩ ያንዷን ብር ፍርፋሪ ነው። ዘጠኙን ባህር ዋስ ሆኖ ከፍሎልናል። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንድ ቀን ይመጣል። ባህር ደግሞ እንደ ምጣድ ነው፣ እሳቱን ብታወጡለትም ወዲያው አይቀዘቅዝም፣ ዛሬ የዓለም ጭስ በሙሉ ቢቆም እንኳን ባህሩ ገና ለብዙ ዘመን ከፍ እያለ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በረዶውም ይቀልጣል። በፈረንጆቹ ከ1900 ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከፍ ብሏል። ይቺ ስንዝር ናት፣ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ እቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚገባበት የጅቡቲ ወደብ የተሰራው ግን ተራራ ላይ አይደለም። ውይ፣ ወደብ አነሳሁ። (ሳቅ) ይቅርታ፣ ተመለስኩ።

ጅቡቲ ካነሳሁ አይቀር፣ ሙሻ የምትባል ደሴት አለች፣ ከከተማው በጀልባ ይኬዳል። አንዴ ጊዜ ሲኖረን ሄደን መነፅር አድርጌ ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ጌታዬ! ከታች መርካቶ ነው። ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ የሚገባው የሚወጣው፣ የሚገፋፋው፣ ሁሉም ስራ አለው። ያ ኮራል ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፣ ጥቃቅን እንስሳት ተጣብቀው የሰሩት ከተማ ነው። ከባህር ወለል 1 በመቶ እንኳን አይሸፍንም፣ ግን ከባህር ፍጥረት ሩብ የሚሆነው በህይወቱ አንዱን ጊዜ እዛ ነው የሚኖረው።

ይሄ ኮራል በሙቀት ምን እንደሚሆን በአዲስ አበባኛ ላስረዳችሁ። ኮራል አከራይ ነው። ሰውነቱ ውስጥ አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን ተከራዮች አሉት። ተከራዮቹ ከፀሐይ ምግብ ይሰራሉ፣ ኪራዩን በምግብ ይከፍላሉ፣ አከራዩ የሚበላውን አብዛኛውን የሚያገኘው ከነሱ ነው፣ ያ የሚያምረው ቀለምም የነሱ ነው። ውሃው ከለመደው በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ተከራዮቹ ሊመርዙት ይጀምራሉ፣ አከራዩ ውጡልኝ ብሎ ያባርራቸዋል። አባረረ። ቤቱ ነጭ ሆነ፣ አጥንቱ ታየ። አሁን ምን ይበላል? ኪራይ የለም! ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ተከራዮቹ ሊመለሱ ይችላሉ፣ ካልቀዘቀዘ ይሞታል። እዚህ ያላችሁ አከራዮች እያዳመጣችሁ ነው? (ረጅም ሳቅ)

እና ይሄ አንድ ቦታ የሆነ ነገር አይደለም። አውስትራሊያ ያለው ትልቁ የኮራል ሪፍ፣ ሪፍ ማለት ያ የኮራል ከተማው ነው፣ በፈረንጆቹ 1998 ነጣ፣ በ2002 ነጣ፣ ከዛ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024። ቁጥሩን አስተዋላችሁት? መጀመሪያ ለማገገም ረጅም ጊዜ ነበረው፣ አሁን አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አመት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ በሽተኛ ገና ከአልጋ ሳይነሳ ደግሞ እንደመምታት ነው። ከ2023 ወዲህ በነበረው ዙር ደግሞ በዓለም ካለው ሪፍ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ደርሶበታል። ሳይንቲስቶቹ በ2018 ባወጡት ትልቅ ሪፖርት ምድር በ1.5 ዲግሪ ብትሞቅ ከ70 እስከ 90 በመቶ ኮራል ይጠፋል፣ በ2 ዲግሪ ከ99 በመቶ በላይ ብለዋል። ሁለት ዲግሪ ጃኬት የማያስወልቅ ልዩነት ነው እኮ ለኛ። ትንሽ የሚያፅናናው የሰሜን ቀይ ባህር፣ አቃባ አካባቢ ያለው ኮራል ከሌላው የበለጠ ሙቀት የሚችል መሆኑ ነው፣ ጎረቤታችን ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ከኮራል ወጣ ልበልና። የባህር ኤሊ እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፣ ከሞቀ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። እዛው አውስትራሊያ ሰሜን በኩል የሚፈለፈሉትን አረንጓዴ ኤሊዎች ሲመረምሩ ከወጣቶቹ 99 በመቶው ሴት ሆነው ተገኙ። ሙሽሪቶች ሞልተው ወንድ ሙሽራ የጠፋበት ሰርግ ነው። ይሳቅበታል አሁን፣ ከሃምሳ አመት በኋላ ማን ይወልዳል?

አላስካ አጠገብ ደግሞ ቤሪንግ ባህር የሚባል ቀዝቃዛ ባህር አለ፣ እዛ ያለ ስኖው ክራብ የሚባል ሸርጣን፣ በጥቂት አመት ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ጠፋ። ቢሊዮን ነው ያልኩት። በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ማጥመድ ተከለከለ። እና ምን ገደላቸው? ሙቀቱ ቀቀላቸው እንዳትሉ፣ ውሃው ለመኖር አይከለክላቸውም ነበር። የገደላቸው ረሃብ ነው! ውሃው ሲሞቅ ሰውነታቸው ብዙ ምግብ ፈለገ፣ ምግቡ ግን አልጨመረም። እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ችጋርን እኛ ስለምናውቀው ይሆናል።

እሺ ሁለተኛ። አምቦ ውሃ።

አምቦ ስትጠጡ ምላሳችሁ ላይ የሚቆነጥጣችሁ ምንድነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ከመኪና፣ ከፋብሪካ፣ ከአውሮፕላን፣ ከኔ መርከብ ጭምር የሚወጣው ጭስ ውስጥ ያለው ጋዝ ያው ነው፣ ከምናወጣው ሩብ ያህሉን ባህር ይጠጣዋል። ማለትም ባህሩን ቀስ እያልን አምቦ እያደረግነው ነው። እንደ አምቦ ይቆነጥጣል ማለቴ አይደለም፣ ባህሩ አሁንም አሲድ አይደለም፣ ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ነው አሲድነቱ የሚጨምረው፣ ከ8.2 ወደ 8.1 ነው የወረደው። ትንሽ ትመስላለች አይደል? መለኪያው ግን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ነው፣ ትንሿ ቁጥር ብዙ ናት፣ አሲድነቱ ወደ 30 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።

ለማን ይከፋል? ሽፋን ለሚሰራ ሁሉ። ቀንድ አውጣ፣ ዛጎል ያለው፣ ኮራሉ ራሱ፣ በአይን የማይታዩት ጥቃቅኖቹም። ቤታቸውን የሚሰሩት ከኖራ ነው፣ ኖራ ደግሞ አሲድ አይወድም። ለዚህ ነው ይሄን ይዤ የመጣሁት። (ብርጭቆውን ከቦርሳዬ አወጣሁ) ትላንት ማታ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ያው ሁዳዴ ነው፣ ማንም እንዳይበላብኝ እርግጠኛ ነኝ። (ሳቅ) አያችሁት? ቅርፊቱ የለም። ከስር ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው የያዘው። አቼቶ ከባህር እጅግ እጅግ የበለጠ አሲድ ነው፣ ባህር እንዲህ በአንድ ሌሊት አይገፍም፣ ግን ነገሩ ያው ነው፣ እዛ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በትውልድ ነው። ከጋሼ እንጀምርና አዙሩት፣ ቀስ ብላችሁ፣ አትጨብጡት።

አምቦውን አልጨረስኩም። ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ምን ይሆናል? ጋዙ ይጠፋል፣ ዝም ያለ ውሃ ይሆናል። የሞቀ ውሃ ጋዝ አይዝም። አሁን ጋዙ ኦክስጅን ነው በሉና አሳውን አስቡት። አሳ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፣ ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ አሳው ደግሞ ሲሞቀው የበለጠ መተንፈስ ይፈልጋል። የዓለም ባህር ከ1960ዎቹ ወዲህ ከነበረው ኦክስጅን 2 በመቶ ያህል አጥቷል። በአማካይ ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ በጣም ይብሳል። ስለዚህ አሳው ምን ያደርጋል? ይሰደዳል። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ፣ ወደ ጥልቁም፣ ወደሚቀዘቅዝበት። የሚሰደድ ጉልበት ያለው ነው፣ ኮራል እግር የለውም።

አንድ ሌሊት ቀይ ባህር ላይ ነበርን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ኩለሩ አላርም ጮኸ፣ የባህር ውሃው ግፊት ወረደ። ውሃው ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ትልቅ ወንፊት አለ፣ ስትሬነር እንለዋለን። ዘግተን ከፈትነው። ምን ሞልቶት ብናገኝ ጥሩ ነው? ጄሊፊሽ! እንደ ተበጠበጠ ተልባ፣ ግን ስንት ባልዲ፣ በእጃችን እያፈስን አንዱ ወንፊት ሲፀዳ ሌላው ሲሞላ ነጋ። ይሄ ፍጥረት ኦክስጅን ባነሰበትም ይኖራል፣ የሚበሉት አሳዎች ሲጠመዱለት ደስ ይለዋል። በየቦታው ጨምሯል ማለት አይቻልም፣ የሌሊቱንም በሙቀት አላሳብብም፣ ግን እኔ ያን ለሊት የገባኝ ነገር፣ ባህር ሲታመም ባዶ አይሆንም፣ ቤቱን ሌላ ሰው ይገባበታል።

ሰዓቴ ስንት ሆነ? አስር ደቂቃ? እሺ። ሦስተኛው፣ የመጣሁበት።

ዝናባችን የማን ነው? እስቲ መልሱልኝ። (ከኋላ አንዲት ልጅ "የእግዚአብሔር" አለች) አሜን! እሱስ የሱ ነው፣ የት ቀድቶ ነው የሚያጠጣን ግን? ክረምት ላይ እዚህ አራት ኪሎ ጃንጥላ የሚያስዘረጋችሁ ዳመና እርጥበቱ የሚመጣው ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባህር አቅጣጫ፣ በምዕራብ ደግሞ በኮንጎ ደን በኩል ነው። ከሩቅ ደግሞ ፓስፊክ የሚባለው፣ ከኛ ምድርን ግማሽ ዞሮ ያለው ባህር፣ እሱ ሲሞቅ የኛ ክረምት ይደክማል። ኤልኒኖ የሚሉት እሱ ነው፣ ትርጉሙ በስፓኒሽ "ህፃኑ" ነው፣ የፔሩ አሳ አጥማጆች ናቸው ያወጡለት፣ በገና ሰሞን ውሃው ሞቆ አሳ ስለሚጠፋባቸው በህፃኑ ኢየሱስ ሰየሙት። ያ ህፃን በ2007 ክረምት፣ በፈረንጆቹ 2015፣ ምን እንዳደረገን ታስታውሳላችሁ? ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የእለት እርዳታ ፈለገ። ፔሩ አሳ ሲጠፋ ወሎ እህል ይጠፋል። ባህር የለንም ትሉኛላችሁ!

የህንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሚዛን ነው በሉት፣ አንዱ ሳህን ሶማሊያ አጠገብ፣ አንዱ ሳህን ኢንዶኔዥያ አጠገብ። ሙቀቱ ወደኛ ካደላ ዝናቡ ወደኛ ይጎርፋል፣ ወደዛ ካደላ እኛ እንደርቃለን። በፈረንጆቹ 2019 ወደኛ አደላ፣ በጣም አደላ፣ ጎርፍ ሆነ። አንበጣውም ታሪኩ ከባህር ይጀምራል። በፈረንጆቹ 2018፣ ግንቦት ላይ መኩኑ የሚባል አውሎ ነፋስ፣ ጥቅምት አካባቢ ደግሞ ሉባን የሚባል፣ ሁለቱም ከአረቢያ ባህር ተነስተው ሰው የማይኖርበት የአረቢያ በረሃ ላይ ውሃ ደፉ። በረሃው ለመለመ፣ አንበጣ ፈላ፣ ማንም አላየውም። ወደ የመን፣ ከየመን ባህሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያ፣ ወደኛ። በፈረንጆቹ 2020 ጥር ላይ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣ አውሮፕላን አንበጣ መስታወቱን ሸፍኖበት ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ መጥቶ አረፈ፣ ትዝ ይላችኋል? ሁሉም ሰው ቪዲዮውን ሼር ሲያደርግ ነበር፣ የት እንደተጀመረ ግን የጠየቀ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ መዝጊያ ልሂድ።

አብሮኝ የሰለጠነ ጓደኛ አለኝ፣ የያቤሎ ልጅ ነው፣ ቦረና። በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ፣ ህዳር ነው፣ አንድ መርከብ ላይ ነበርን፣ ሱማትራን አልፈን ወደ ሲንጋፖር እየሄድን። ዝናብ፣ ግን ምን አይነት ዝናብ! ዴኩ ላይ ሰው ከሰው አይተያይም፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንደዛ ነው። የባህር ውሃው ደብተሬ ላይ 30 ነው የሚለው። ኔትወርክ ሲገኝ ጓደኛዬ አባቱ ጋ ደወለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ኦሮምኛ ብዙም አልሰማም፣ ፊቱን ነው የማየው። አምስተኛው ወቅት ነው ዝናብ የቀረው፣ አምስት በተከታታይ። እነሱ ጋ ሁለት ዝናብ አለ፣ ጋና እና ሀገያ ይሉታል፣ ያኔ ሀገያው ነበር የሚጠበቀው፣ እሱም ቀረ። አባቱ ሰላሳ ሁለት ከብት ነበራቸው፣ አራት ቀርተዋል። ለቆሙት አራቱ በሰው እጅ ነው ውሃ የሚቀርብላቸው።

ስልኩን ዘጋው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ወደ ውጪ አየና "ይሄ የኛ ነበር" አለ።

ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፣ ሰው ሲያዝን የሚለው ነገር መሰለኝ። በኋላ ነው አንብቤ የገባኝ፣ ቃል በቃል እውነቱን ነው! ያን አመት ሚዛኑ ወደ ሱማትራ አድልቶ ነበር፣ ሙቁ ውሃ እዛ ተከማችቶ ዝናቡን እዛ እየጎተተ፣ ፓስፊክም ላ ኒና በሚባለው፣ የኤልኒኖ ተቃራኒ በሆነው ሁኔታ ሦስት አመት ቆይቶ። እኛ ጭንቅላት ላይ ሲወርድ የነበረው ዝናብ ያቤሎ መውረድ የነበረበት ነው ማለት ይቻላል።

ሚዛኑ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ድሮም አለ፣ አያቶቻችንም ያውቁታል፣ እሱን በሰው ላይ አልጭንም። አሁን ያለው ግን በሞቀ ባህርና በሞቀ አየር ላይ ነው የሚወዛወዘው፣ የቀረችውን እርጥበት ሙቀቱ ከአፈሩ ይመጥጣታል። በ2023 ያንን ድርቅ የመረመሩ ሳይንቲስቶች የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ እንዲህ አይነት ድርቅ የመከሰት እድሉ ቢያንስ በመቶ እጥፍ ያንስ ነበር አሉ። መቶ እጥፍ።

እና ምን እናድርግ? ይሄን ጥያቄ ሁሌ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ችግኝ ትከሉና ባህሩ ይቀዘቅዛል ብዬ አልዋሻችሁም፣ ችግኝ ትከሉ፣ ለአፈራችሁ ጥሩ ነው፣ ለምንጫችሁ ጥሩ ነው፣ ባህሩን ያሞቀው ግን የኛ ኩበት አይደለም። ጭሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እነሱ ናቸው መቀነስ ያለባቸው። እኛ የምንችለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መጠየቅ ነው። በፈረንጆቹ 2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ የሚደረገው እዚሁ ከተማችን ነው። ባህር የሌለው ሀገር ስለ ባህር ካልተናገረ ማን ይናገራል? እንግዶቹ ሲመጡ ቡና ብቻ እያፈላን አንሸኛቸው፣ የያቤሎውን ሰውዬ ከፊት እናስቀምጠው፣ ሂሳቡን እሱ ያቅርበው።

ሁለተኛው ቀላል ነው። የሜትዮሮሎጂ ሰዎች የወቅት ትንበያ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚያዩት የባህሩን ሙቀት ነው፣ ፓስፊክን፣ ህንድ ውቅያኖስን። ወራት ቀድሞ ነው የሚታወቀው! ዜና ላይ "ኤልኒኖ" ሲባል እናንተ ቻናል ትቀይራላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም እቀይር ነበር። አትቀይሩ። ገጠር አጎት አላችሁ? አክስት አላችሁ? ደውሉ። "ዘንድሮ ዝናቡ ሊያጥር ይችላል ተብሏል፣ ቶሎ የሚደርሰውን ዝሩ፣ ከብቱን ሳይከሳ ሽጡ" በሉ። ወፍራም በሬ ከሰኔ በፊት ሲሸጥና ከስቶ ጥቅምት ላይ ሲሸጥ ልዩነቱን ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጓደኛዬ አባት ማንም አልደወለላቸውም። እኛም አልደወልንም እኮ፣ ባህር ላይ ሆነን ሙቀቱን በየፈረቃው እየጻፍን።

በቃ፣ አዘጋጁ እጁን እያወዛወዘብኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ውጪ ሻይ አለ፣ እዛ እናወራለን፣ አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ግን አልመልስም፣ ቄስ ጠይቁ። (ሳቅ) እንቁላሉ ማን ጋ ደረሰ? ሦስተኛው መስመር? ቀስ በይ እህቴ፣ ቀስ፣ በመዳፍሽ ያዢው እንጂ በጣትሽ አትንኪው... ኧረ፣ ኧረ! ሶፍት ያለው ሰው?